የዶክተር ቼቫሊየር ጃክሰን የሕይወት ታሪክ

ሰው ሲታመም ሐኪም ምላሱን ያያል፤ የልቡን ትርታ ያዳምጣል፤ የእጁን ደም ሥር ይዞ ይቆጥራል። ይህ ሁሉ ከውጭ ሆኖ የሚደረግ ነው። ነገር ግን ሕመሙ ከደረት ውስጥ፣ አየር ከሚመላለስበት ቧንቧ ሥር የሆነ እንደ ሆነ ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የነበረ ሐኪም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አልነበረውም። ደረትን ከማዳመጥና ከመገመት በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን ብሮንኮስኮፕ የሚባለው ቀጭን መሣሪያ በአፍ ወይም በአፍንጫ ገብቶ በጉሮሮ በኩል ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ሐኪሙም የሳንባውን ቧንቧ ውስጡን በዓይኑ ይመለከታል። የሚያጠራጥር ነገር ባገኘ ጊዜም ከዚያው ላይ ጥቂት ቆንጥሮ ያወጣና ያስመረምራል። የሳንባ ካንሰር መኖሩ ከሚረጋገጥባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ይህን ሥራ ከጥቂት ደፋሮች ሙከራ አንሥቶ በሥርዓት ለሚማሩት ሙያ ካበቁት ሰዎች መካከል ዋነኛው አሜሪካዊው ሐኪም ቼቫሊየር ጃክሰን ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ለትምህርት ጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች በዚህ መጽሔት ላይ ላቀርብ አስቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ቃል ላስታውቅ እወዳለሁ። በአማርኛችን የሳንባ ነቀርሳ ስንል በሳል የሚተላለፈውን፣ ቲቢ የሚባለውን በሽታ ማለታችን ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል ብቻውን ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ለካንሰርም ይነገራል። ሁለቱ በሽታዎች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ጀርም የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ያለ ልክ ሲባዙ የሚነሣ ነው። ሁለቱም በጃክሰን ታሪክ ውስጥ ስለሚገኙ፣ እኔ ለመጀመሪያው ነቀርሳ፣ ለሁለተኛው ካንሰር እያልሁ እጽፋለሁ።

ቼቫሊየር ጃክሰን በኖቬምበር 4 ቀን 1865 ዓ.ም. ፒትስበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ፒትስበርግ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የምትገኝ፣ በዚያ ዘመን በድንጋይ ከሰልና በብረት ማቅለጫ የታወቀች ከተማ ናት። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም። ልጁም ሰውነቱ የቀጨጨ፣ ጠባዩ ዝምተኛ፣ ከጠብ የሚሸሽ ስለ ነበረ የትምህርት ቤት ጉልበተኞች መጫወቻ አደረጉት። ከዕለታት አንድ ቀን ዓይኑን በጨርቅ አስረው፣ ሥራ ከተተወበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ጥለውት ሄዱ። ሰው ደርሶ ባያገኘው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባበቃ ነበር። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል በትንንሽ ተማሪዎች ላይ ጉልበቱን የሚያሳይ ቢኖር ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብባት።

ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ያልሆነለት ልጅ ከመሣሪያ ጋር ተወዳጀ። መጋዝና መዶሻ ይዞ እንጨት መሥራት ተማረ፤ ሥዕል መሣልም ያዘ። ይህ የልጅነት ጨዋታ በኋላ ምን ያህል እንደ ጠቀመው ወደ ፊት እናያለን። ወደ ኮሌጅ በገባ ጊዜም ለትምህርቱ የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው በብርጭቆና በሸክላ ዕቃ ላይ ጌጥ እየሣለ ያገኘውን ገንዘብ ለትምህርቱ አዋለው። ከዚያም ፊላደልፊያ ሄዶ በጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ተማረና በ1886 ዓ.ም. ገና 20 ዓመት ሆኖት ሳለ ሐኪም ሆኖ ተመረቀ።

ጃክሰን ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ባሕር ተሻግሮ ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያ ዘመን ሞሬል ማኬንዚ የሚባል ስሙ የገነነ የጉሮሮ ሐኪም በሎንዶን ነበር። ማኬንዚ የምግብ ቧንቧን ውስጥ ለማየት የሚሞክርበት መሣሪያ ነበረው። መሣሪያው ያን ያህል የሚያገለግል አልነበረም፤ አሳቡ ግን ከወጣቱ ሐኪም ልብ ሳይወጣ ቀረ። በ1887 ዓ.ም. ወደ ፒትስበርግ ተመልሶ ሕክምና በጀመረ ጊዜ ከእርሱ ዘንድ ከሚመጡት ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ከድሃ ገንዘብ መቀበልም አይሆንለትም ነበርና እርሱም እንደ እነርሱ ችግረኛ ሆኖ ኖረ።

በ1890 ዓ.ም. የምግብ ቧንቧን ለማየት የሚያስችል መሣሪያ ራሱ ሠራ። በዚህም መሣሪያ ከአንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮ የተዋጠ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከአንድ ሕፃንም ጉሮሮ ገንዘብ አወጣ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሌሎች ሐኪሞች መሣሪያውን ፈለጉት፤ አንዳንዶቹም ሳይለማመዱ ቸኩለው ሠሩበትና በበሽተኞች ላይ ጉዳት ደረሰ። በዚህ ጊዜ ጃክሰን ያደረገው ነገር፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከፈጠራው ይልቅ ሰውየውን ያስታውቃል። ስሜ ይጥፋ ብሎ ከመከራከር ይልቅ መሣሪያውን ማስፋፋቱን ተወው፤ መጀመሪያ ዕቃው እንዲሻሻል፣ ቀጥሎም የሚሠሩበት ሰዎች እንዲሠለጥኑ ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። ከዚህ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ ካስተማራቸው ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው፤ ያላዩትን አለመንካት፣ በኃይልም አለመግፋት።

የአየር ቧንቧን በማየት ረገድ ግን ቀዳሚው ጃክሰን አይደለም። ይህን መናገር ተገቢ ነው። በ1897 ዓ.ም. ጉስታቭ ኪሊያን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፍራይቡርግ ከተማ ከአንድ የ63 ዓመት ገበሬ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ የገባውን የአሳማ አጥንት በቀጥተኛ የብረት ቱቦ አማካይነት በአፍ በኩል አወጣው። ገበሬው ሲበላ አጥንቱ ትን ብሎት ሳል ጸንቶበት ነበር። ስለዚህ የብሮንኮስኮፒ አባት ተብሎ የሚጠራው ኪሊያን ነው።

የኪሊያን መብራት ከቱቦው ውጭ ስለ ነበረ፣ ብርሃኑ በረጅሙ ቱቦ ውስጥ አልፎ ወደ ታች እስኪደርስ ይደክም ነበር። ጃክሰን ግን የስንዴ ቅንጣት የምታክል የኤሌክትሪክ አምፖል በቱቦው ጫፍ ላይ አኖረ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ በቁልፍ ቀዳዳ ከውጭ ባትሪ ማብራትና ኩራዝ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት አንድ አይደለም። ለትልቅ ሰው የሚሆነው ቱቦ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ ለሕፃናት የሚሆነው ደግሞ ከዚህ በግማሽ የቀጠነ ነበረ። በ1907 ዓ.ም. ጃክሰን ስለዚህ ሙያ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ።

አሠራሩን ለመረዳት የሳይንስ መምህራችን ያስተማሩንን እናስታውስ። የአየር ቧንቧ ከማንቁርት ወርዶ ደረት ውስጥ እንደ ዛፍ ባላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሳንባ ሁለተኛው ወደ ግራ ይሄዳል። የቀኙ ሰፋ ያለና ይበልጥ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ ትን የሚል ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ይገባል። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ አንድ ረዳት ራሱን በእጁ ይዞ አንገቱን እንደ ቱቦው አካሄድ ያስተካክላል። ጃክሰን በአንድ ዓይኑ በቱቦው ውስጥ እየተመለከተ ረጅም መቆንጠጫ ያስገባና የተፈለገውን ነገር ይይዛል። በቀኝም በግራም እጁ እኩል ይሠራ ነበር። ተማሪዎቹ እንደሚያደንቁትም ሲያስተምር በሁለት እጁ በሰሌዳ ላይ ይሥል ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ተከፍቶ የተዋጠ መርፌ ቁልፍ ነበር። ሹል ጫፉ ወደ ላይ የዞረ እንደ ሆነ ዝም ብሎ ቢጎትቱት ሥጋውን ይበሳዋል። ወደ ፊት የሚሄድ ሹል ነገር ይወጋል፤ ጫፉ ከኋላ ሆኖ የሚጎተት ግን አይወጋም። ስለዚህ መርፌ ቁልፉን እዚያው ውስጥ መዝጋት ወይም ማዞር ያስፈልጋል። ጃክሰን ለዚህ የሚሆኑ ልዩ ልዩ መቆንጠጫዎችን በራሱ አሳብ አወጣ፤ በልጅነቱ የተማረው የእጅ ሥራ እዚህ ላይ ጠቀመው። በሽተኛውን ከመንካቱ በፊትም የተዋጠውን ነገር የሚመስል ሌላ ፈልጎ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይጨምርና እስኪለምደው ድረስ ደጋግሞ ያወጣው ነበር። እኛ ለፈተና ከምናጠናው ይልቅ እርሱ ለአንድ መርፌ ቁልፍ ያጠና ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወላጆች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ደግሞ አለ። ጃክሰን አጥብቆ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ መርፌ አልነበረም፤ ለውዝ ነበር። ለውዝ በሕፃን ሳንባ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ቧንቧውን ያስቆጣውና ያሳብጠዋል። መንጋጋ ጥርስ ያላበቀለ ልጅ ለውዝ፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ባይሰጠው መልካም ነው።

ጃክሰን በ1938 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ከተረካቸው ሁሉ እኔን የነካኝ የአንዲት ትንሽ ድሃ ልጅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቤት ለማጽዳትና ሳሙና ለመሥራት ኃይለኛ ሶዳ በየቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ መልኩም ስኳር ይመስላል። ሕፃናት ስኳር መስሏቸው ይቀምሱታል፤ እርሱም ጉሮሯቸውን ያቃጥለዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የምግብ ቧንቧውን እያጠበበ ይዘጋዋል። ይህች ልጅ ከጃክሰን ዘንድ በመጣች ጊዜ ከብዙ ቀን ጀምሮ ውኃ እንኳ አላለፈላትም ነበር። ቱቦውን አውርዶ ሲያይ ግራጫ የመሰለ ነገር ቀዳዳውን ወትፎት አገኘና በመቆንጠጫ አወጣው። ከዚያም አስታማሚዋ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሰጠቻት። ልጅቱ እንደ ልማዷ ተመልሶ ሊወጣ ነው ብላ እየፈራች ጥቂት ተጎነጨች፤ ወረደ። ጨመረች፤ ወረደ። ያን ጊዜ ብርጭቆውን ገለል አድርጋ የሐኪሙን እጅ ያዘችና ሳመችው።

ጃክሰን ግን እጁን በመሳሟ ረክቶ አልተቀመጠም። አንዱን ልጅ ሲያድን ሌላው ይታመማልና፣ ምንጩን ለማድረቅ ተነሣ። ሶዳው በሚሸጥበት ዕቃ ላይ መርዝ መሆኑ እንዲጻፍ፣ ማርከሻውም እንዲገለጽ ሕግ ይውጣ እያለ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞችንና የምክር ቤት አባሎችን ወተወተ። በመጨረሻ በ1927 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን አጸደቀ፤ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅም ፈረሙበት። በመቆንጠጫ ካዳናቸው ልጆች ይልቅ በዚህ ሕግ ያዳናቸው ሳይበዙ አይቀሩም፤ ይህ ግን የኔ ግምት ነው።

በመካከለኛ ዕድሜው ጃክሰን ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ታመመ። በሽታው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እየተመላለሰ ጣለው። ያን ጊዜ ለነቀርሳ የሚሆን መድኃኒት ገና ስላልተገኘ ሕክምናው ዕረፍትና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር። እርሱም አልጋ ላይ ሆኖ ይጽፍ ነበር። ከዳነ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ወደ ፊላደልፊያ ተዛወረና በዚያች ከተማ በአምስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ፕሮፌሰር ሆኖ አስተማረ። ከ1935 እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስም የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበረ። በ1924 ዓ.ም. ከበሽተኞች ጉሮሮና ሳንባ የወጡትን ነገሮች ለከተማው የሐኪሞች ኮሌጅ በስጦታ ሰጠ። ቁጥራቸው 2,374 ነው። ቁልፉ፣ ምስማሩ፣ ገንዘቡ፣ አጥንቱ፣ የልጆች መጫወቻው ሁሉ በሙተር ቤተ መዘክር ውስጥ በመሳቢያ በመሳቢያ ተደርድሮ እስካሁን ይታያል።

አሁን ወደ ካንሰሩ እንምጣ። በጃክሰን ወጣትነት የሳንባ ካንሰር እጅግ ብርቅ በሽታ ነው ይባል ነበር። በ1912 ዓ.ም. አይዛክ አድለር የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የተመዘገቡትን ሰብስቦ ቢቆጥር 374 ብቻ አገኘ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም ሰውየው ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ሲመረመር ነበር። በሕይወት ሳለ ግን ሳሉና ደም የተቀላቀለበት አክታው ከነቀርሳ ጋር ይመሳሰላል። ራጅም ቢሆን ጥላውን ያሳያል እንጂ ጥላው የምን እንደሆነ አይናገርም።

ለመርፌና ለለውዝ የተሠራው ቱቦ እዚህ ላይ ያልታሰበ ጥቅም ሰጠ። ባዕድ ነገር ዋጠ ተብሎ የመጣ በሽተኛ ሳንባ ሲታይ፣ አንዳንድ ጊዜ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከቧንቧው ግድግዳ የበቀለ ዕጢ ይገኝ ነበር። ጃክሰን በ1917 ዓ.ም. ከቀኝ ሳንባ ቧንቧ ውስጥ ዕጢ በአፍ በኩል ማውጣቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ እርሱና ተማሪዎቹ ዕጢው ምን እንደሚመስል፣ ሲነካ እንዴት እንደሚደማ፣ ቧንቧውን እንዴት እንደሚያጠብ እያዩ መዘገቡ። ቅንጣት ሥጋ ቆንጥረው በማይክሮስኮፕ ሲያስመረምሩም ግምት የነበረው ነገር እውቀት ሆነ። ደግሞም ቧንቧው ለሁለት የሚከፈልበት ባላ፣ በጤነኛ ሰው እንደ ቢላዋ ስለት ቀጭን ሆኖ ሲተነፍስ የሚንቀሳቀሰው፣ ደንድኖና ሰፍቶ ከተገኘ ካንሰሩ ወደ ዕጢዎቹ ሳይዛመት እንዳልቀረ ያመለክታል፤ ቀዶ ጥገና ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ለመወሰን ይረዳል።

እንዲህ ዓይነቱ እውቀት ምን እንደሚያደርግ በ1933 ዓ.ም. ታየ። ከጃክሰን የትውልድ ከተማ ከፒትስበርግ የመጣ አንድ የ48 ዓመት ሐኪም በሴንት ሉዊስ ከተማ ኤቫርትስ ግራሃም ከሚባለው ቀዶ ጠጋኝ ዘንድ ቀረበ። በብሮንኮስኮፕ ሲታይ በግራ ሳንባው ቧንቧ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ የተቆነጠረውም ሥጋ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። በአፕሪል 5 ቀን ግራሃም የሰውየውን ግራ ሳንባ በሙሉ በአንድ ቀዶ ጥገና አወጣው። ከዚያ በፊት ለካንሰር እንዲህ ተደርጎ የዳነ ሰው አልነበረም። በሽተኛው ዳነና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቱቦው አስቀድሞ ባያረጋግጥ ኖሮ የሰውን ሳንባ በግምት ቆርጦ ለማውጣት ማን ይደፍር ነበር?

በጄፈርሰን ኮሌጅ የጃክሰንን ወንበር የወረሰው ሉዊስ ክለርፍ ደግሞ፣ ኸርበት ከሚባል የሥራ ጓደኛው ጋር፣ ሥጋ መቆንጠጥ በማይቻልበት ጊዜ ከቧንቧው የሚቀዳውን ፈሳሽ በመመርመር የካንሰር ሕዋስ ማግኘት እንደሚቻል በ1946 ዓ.ም. አሳየ። ይሁን እንጂ ቀጥ ያለው የብረት ቱቦ የማይደርስበት ብዙ ቦታ ነበር። ጃክሰን ከሞተ በኋላ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት፣ ሺገቶ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በቀጫጭን የመስተዋት ክሮች ብርሃን የሚያስተላልፍና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ብሮንኮስኮፕ አበጀ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የዚያ ዘር ነው፤ በጫፉ ላይ የድምፅ ሞገድ ማንሻ ተጨምሮበት ከቧንቧው ግድግዳ በስተጀርባ ያለውን ዕጢ እንኳ በመርፌ ለመቅዳት ያስችላል። የጃክሰን ዓይነቱ የብረት ቱቦም ሥራ አልፈታም። ዕጢ ቧንቧውን ዘግቶ በሽተኛው መተንፈስ ሲያቅተው በርሱ በኩል ዕጢው በጨረር ይቃጠላል ወይም ይፋቃል፤ ቧንቧው እንዳይዘጋም ደጋፊ ቀለበት ይገባል። ይህ ሕክምና ትንፋሽ ይመልሳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሩን ከሥሩ አይነቅልም፤ ለዚያ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒትና የጨረር ሕክምና ያስፈልጋሉ።

ግራሃም በ1950 ዓ.ም. ከኧርነስት ዊንደር ጋር 684 በሽተኞችን መርምሮ የሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ ጥናት አወጣ። እርሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት ያጨስ ነበር፤ ሲጋራውን ቢተውም በ1957 ዓ.ም. በዚያው በሳንባ ካንሰር ሞተ። ጃክሰን ደግሞ በስተእርጅናው ከፊላደልፊያ ወጣ ብሎ በሚገኝ በአንድ አሮጌ የወፍጮ ቤት ሥዕል እየሣለ ሲኖር ቆይቶ በኦገስት 16 ቀን 1958 ዓ.ም. በ92 ዓመቱ ዐረፈ። አንድ ሳንባ ብቻ የቀረው የፒትስበርጉ ሐኪም በዚያን ጊዜ ገና በሕይወት ነበረ፤ እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስም ኖረ።